መርከብ ቤት

ከአሰብ መንገድ ዳር፣ ከጎማ ጠጋኙ አለፍ ብሎ፣
አንድ ቤት ቆሟል፣ አፍንጫውን ወደ ምሥራቅ አሹሎ፤
መስኮቶቹ ክብ ናቸው፣ በበርሜል ክዳን ልክ የተበሱ፣
ሰገነቱን ያጠሩት ቧንቧዎች ዝገት የለበሱ።
ማዕዘን የሚባል አያውቅም፣ ግንቡ እየታጠፈ ይሄዳል፤
የነደፈው ጣልያን ባሕር ናፍቆት ነበር ይባላል።
የሰውየውን ስም የሚያውቅ የለም፤ ቤቱን ግን ኮምቦልቻ ሁሉ ያውቀዋል፣
"መርከብ ቤት" ይለዋል፤
ባጃጁ እዚያ ይጭናል፣ ቀጠሮም እዚያ ይያዛል።

አባቴ ተሳቢ ይነዳ ነበር፣ ከአሰብ እስከ ደሴ፣
ሐረጎን ሲወርድ ሞተሩን ትለየው ነበር ነፍሴ።
"ባሕር ምን ይመስላል?" ስለው፣ አገጩን አሻሽቶ፣
"ወለሉ የሚነቃነቅ ሜዳ" ይለኛል፣ ቆይቶ።
አንድ ጊዜ በአረቄ ጠርሙስ ቀድቶ አመጣልኝ፤
አየሁት። ውኃ ነው። ምንም አልመሰለኝ።
እሱ ግን ወስዶ እዚህ ቤት፣ ከባንኮኒው ጀርባ አኖረው፣
"ይየው" ብሎ፤ "የሱ መሆኑን እስከ ዛሬ ማንም አልነገረው።"

ኋላ ቤቱን ሰርግ ተከራየው፤ አንድ ሞቅ ያለው ሚዜ
አረቄ መስሎት ጨለጠው። ፊቱን ማየት ነበር ያን ጊዜ!
ጠርሙሱ ውስጥ የቀረችው አንዲት የጨው መስመር ናት፤
አባቴ አሰብን ለመጨረሻ ያያትም በዚያው ዓመት።
መንገዱ ተዘጋ። ተሳቢው ተሸጠ።
እሱን ሌላ ቀን።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ባንድ ይጫወትበታል፤
መግቢያው መቶ ብር ነው፣ ተማሪ በሃምሳ ይገባል።
ትኬት ቆራጯ እኔ ነኝ። ከበሩ ሆኜ የማየው
የይመርን ጀርባ ነው፣ የሳክስፎኑን አንገት፣
ጦይባን ደግሞ በመስታወት።
ይመር ቀን ቀን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራል፣ ሲነፋ ጥጡ ያስነጥሰዋል፤
አሊጋዝ ድራሙን ከመንካቱ በፊት ሰዓቱን ያወልቃል።

ባለፈው ነሐሴ ነው። ጣራው ዝርግ ነውና ዝናቡ እዚያው ተኛ።
መጀመሪያ አንዲት ጠብታ፣ ሲምባሉ ላይ፤ ጢን።
አሊጋዝ ቀና አለ።
ጢን።
ከዚያ መብራት ሄደ። ጀኔሬተሩ ሁለቴ አስሎ ዝም አለ፤
ማይኩ ሞተ፣ ኪቦርዱ ሞተ።
አንዱ ስልኩን አበራ፣ ሌላው ተከተለ፤
ጨለማው በትንንሽ ክብ መስኮቶች ተሞላ።
"ብራችንን መልሱ" ሊሉ ነው ብዬ ሳጥኔን አቀፍኩ።
ጦይባ ጫማዋን አወለቀች፣
"ተጠጉ" አለች፣ "ድምፄ ትንሽ ናት፣ እናንተ ናችሁ የምታደርሷት።"

ተጠጉ።
በባቲ ቅኝት ጀመረች። ባቲ ደግሞ በዚሁ መንገድ ናት፣
አባቴ ፍሬን የሚፈትሽባት፣ ሙቀቱ አንድ የሚልባት፤
ከባቲ ወረድን፣ ሚሌ፣ ሎግያ፣
እሱ ሻይ የሚጠጣበትን ኤሊዳርን አለፍን፤
ይመር ሳክስፎኑን ወደ ግድግዳው አዞረ፣
ያ ታጣፊ ግድግዳ ድምፁን ተቀብሎ አሽከረከረ፣
ከፊታችን ሄዶ ከኋላችን መጣብን።
ለምን ታጥፎ እንደተሠራ ያኔ ገባኝ፤
ወይም የገባኝ መሰለኝ።
ውኃው ቁርጭምጭሚት ደረሰ። የወጣ ሰው የለም።
ወለሉ ተነቃነቀ ልል ነበር፤
ውሸት ይሆንብኛል፤ የተነቃነቀው ትከሻ ነው።

ሲነጋ ዘበኛው ሙሄ ውኃውን በመጥረጊያ ገፋ፣
ከበሩ ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ ቦርከና፣
"ሂድ፣ ባሕርህን ፈልግ!" እያለ፣ እየሳቀ።
አልነገርኩትም፤
ቦርከና አዋሽ ይገባል፣ አዋሽም
አፋር በረሃ ላይ፣ ባሕሩ እየሸተተው፣
ሐይቅ ሆኖ ይቀራል። አይደርስም።

ሳጥኔን ከፍቼ ቆጠርኩ፤ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ፣ ርጥብ።
አንድ በአንድ በክቡ መስኮት ደፍ ላይ አሰጣሁት፣
ከጠርሙሱ አጠገብ።