ሁለት ከተማ

ዶክተሯ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው፤
አንዴ ለራሷ፣ አንዴ ለእኔ።
«አቶ ሁንዴ፣ ይሄ የድሮው አይደለም።
እሱም የደም ካንሰር ነው፤ ግን ሌላ፣ ሁለተኛ።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአንዱ ጋር ኖሬያለሁ፤
ማታ ከራት በኋላ ክኒኑን እሰጣለሁ።
እሱም ዝም ይልልኛል፤
እንደ ጨዋ ተከራይ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ይተኛል።
ፍቅር የለንም፣ ጠብም የለንም፤
ሳንጠያየቅ ግን አናድርም።

«ምናልባት» አልኳት «ስሙ ይሆናል የተለወጠው።
እኛ አገር
ሽማግሌው ናዝሬት ይላል፣ ሰሌዳው አዳማ፣
ረዳቱ በአንድ ትንፋሽ ሁለቱን ሲያሰማ
ትኬቱ ግን አንድ ነው፤ መናኸሪያውም አንድ።
ይሄስ እንደዚያ አይሆንም?»

ሳቅ አለችና ሳቋን ዋጠችው።
«አይሆንም። እነዚህ ሁለት ከተማ ናቸው።
አንዱ ከአንዱ አልተወለደም፤
መንገድ እንኳ አያገናኛቸውም።
መገናኛቸው እርስዎ ነዎት።»

«መድኃኒቱስ?»
«ለዚህኛው አሁን አያስፈልግም። ዝግ ያለ ነው።
በየሦስት ወሩ ደምዎን እየቆጠርን
እናየዋለን።»

እናየዋለን!
ሌባው አጥር ላይ ተቀምጦ፣
ውሻው ከታች አፍጥጦ፣
እኔ በመስኮት፤
ሁላችንም ስንተያይ ሊነጋ ነው ማለት?

ሸጊቱ ከበር ላይ ጠበቀችኝ።
ጫማዬን ሳላወልቅ «ቆጠራው?» አለችኝ።
«ደህና ነው።»
አልዋሸሁም፤ የድሮው ቆጠራ ደህና ነበር።
ውኃ ቀዳችልኝ፤ አንዷን ክኒን ዋጥኩ።
ለሁለተኛው መዳፌን አየሁት፤
ላብ ብቻ።
የአዳማ ሙቀት፣ አልኩ።

ጠዋት እህል በረንዳ፣
ከሚዛኔ ኋላ ቆሜአለሁ።
ከኮረብታው ላይ ነጫጮቹ ክንፎች ይዞራሉ፤
አንዱ ቆሟል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።
ነፋሱ ያው ነው።

አዲሱ ተሸካሚ ጆንያውን ዱብ አደረገና
«ስንት?» አለኝ፣ መርፌው ገና ሲንቀጠቀጥ።
«ቆይ» አልኩት።
ሠላሳ ዓመት በቀን መቶ ጊዜ የምለው ቃል ነው፤
ዛሬ ግን ጆሮዬ ሰማው።

ቆይ።
የሚንቀጠቀጥ መርፌ አይነበብም።
ልጁ ላቡን በክርኑ ጠረገ፤
እኔም መነጽሬን በሸሚዜ ጫፍ።

ቆመ።
መቶ አንድ።
«አንዱ የጆንያው ነው» አልኩና
ጻፍኩት።