ኮርቻ ሰፊው

ተንታ ከአፋፉ ላይ፣ ንፋስ በሚያድርበት፣
እብሬ ጉርሜሳ ቆዳ ይሰፋበት
የነበረ ድንጋይ ዛሬም አለ ይሉኛል፤
እኔ ሄጄ ሳየው ድንጋይ ብቻ ይመስለኛል።

ዘመኑ የጌቶች፣ ጌታው ብዙ ነበር፤
ለአንድ ወንዝ ሁለት ኬላ፣ ለአንድ ኬላ ሦስት ግብር።
ጠዋት የገበሩት ማታ አይታወቅም፤
የማታውም ጌታ ደረሰኝ አያውቅም።

አባ ሸብር መጣ በመስከረም ጭቃ፣
ጋሻ ጃግሬው ደክሞ፣ ፈረሱ ሲያነቃ።
"ኮርቻዬን ስፋ፣ ሰባት ቀን አለህ፤
ስለ ጦርነትም ቃል ስጠኝ ካለህ።
አዝማሪዬ ከድቶኝ ከበሸሎ ማዶ ነው፣
ያለ ቃል የዘመተን ሲሞት ማን ሊያስበው?"

እብሬ ወስፌውን ከቆዳው ሳይነቅል፣
የጅማቱን ክር ከጥርሱ ሳይጥል፣
"ጦርነት እንግዳ ነው፤ ሲመጣ በበር ነው፣
ሲሄድ ግን ግድግዳ ተሸክሞ ነው።"

ጸሐፊው ጻፈው። አባ ሸብር ሳቀ።
ኮርቻውን ጭኖ ቆላውን ዘለቀ።

በኅዳር ተመልሶ መጣ ያው ኮርቻ፤
ሰውዬው ግን የለም፣ ደሙ አለ ብቻ።

በዚያው ሳምንት መጣች ሎሚ፣ የበሽር እናት፣
"ልጄን አየኸው ወይ ከዘማቾቹ ፊት?"
እብሬ ወስፌውን እንደያዘ ዝም አለ።
ለሷ የሚሆን ቃል ከክሩ ጋር የለ።

ኮርቻው ላይ ያለው አባ ግንባር ነበር፤
"ደሙን አጥበህ አውጣ፣ እርካቡን አሳጥር።"
(እግሩ አጭር ነበረ፤ ማንም አላነሳው።)
"ለዚያ ቃል ሰጥተሃል፣ ለኔም ቃል ይሁነኝ፤
ስለ እርቅ ንገረኝ፣ ደግ ሰው አስመስለኝ።"

እብሬ ጠፍሩ ላይ ቀዳዳ እያበጀ፣
"እርቃችሁማ" አለው፣ "ለኛ ምን በጀ?
ስትጣሉ ጊዜ የሚሞት ልጃችን፣
ስትታረቁ ጊዜ የሚታረድ በሬያችን።"

አደባባዩ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ፤
አንድ አህያ ብቻ ጆሮውን ገለበጠ።
አባ ግንባር ግን ቁጣውን ትቶ፣
እንደ ብልህ ገዥ ጣቱን አንስቶ፣
"ከዛሬ ጀምሮ እብሬ ነፃ ነው፤
ግብር አይጠየቅም፣ በደጄ ነው ኑሮው።"

ሰው እልል አለ። እብሬ ግን እንዲህ አለ፦

"ገመዱን ሲያስረዝሙለት በሬው አንድ ጊዜ፣
መስኩን አየና ተወ ትካዜ፤
ጫፉ ላይ ሲደርስ አንገቱ ነገረው።
ጌታዬ፣ ገመዱ ስንት ክንድ ነው?"

ይህን ግን ጸሐፊው በክታቡ አልጻፈም፤
ብዕሩን ጠረገ። ቀለሙ አላለቀም።

ዛሬ ገበያ ላይ ሰዎች ሲከራከሩ፣
"አባ ሸብር እንዳለው" ብለው ነው ሚጀምሩ።
ግድግዳው የሱ ሆነ፣ እንግዳውም የሱ፤
እብሬን የሚያነሳ አንድም የለ ከነሱ።

አክስቴ ረውዳ ግን እኔንም አትሰማም፦
"እብሬ ዱዳ ነበር፤ አንድ ቃል አላለም።
ጌቶች ሲጠይቁት ክሩን ነው ያሳየው፤
ቀሪውን ያወራው የተንታ ሰው ነው።
ሰው የፈራውን ቃል በዱዳ አፍ ያኖራል፣
ዱዳ ማን ይከሳል?"

"የገመዱስ ነገር?" አልኳት።
መልስ አልሰጠችኝም።
ክንዷን ዘረጋችው፣ ከክርኗ እስከ ጣቷ፣
አየሩን ለካችው፦
አንድ፣
ሁለት፣
ሦስተኛው ላይ ደርሳ ከውጭ ኮቴ ሰማች፤
እጇን ሰበሰበች።
"ማነው?" አለች።