ሦስት ፖስታ

ከቀለም ቤቱ ጀርባ፣
የጂንስ እጣቢ ሰማያዊ ሆኖ ሲገባ፣
ጠርቶ እስኪወጣ የምንጠብቅ ነን እኛ፤
የቀን ተረኛ፣ የማታ ተረኛ።
አሥራ አንድ ፓምፕ፣ አርባ ቫልቭ፣ አራት ጥልቅ ገንዳ፣
አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር፣ የሁሉ ባለዕዳ።
እሷ ስትደክም፣ ስክሪኗ ሲገረጣ፣
«ይቀየር» ተባለ፤ ጨረታ ወጣ፤
ሦስት ፖስታ መጣ።

የመጀመሪያው ሶፍትዌር ሲያዩት ያሳሳል፤
ገንዳውን ከነሞገዱ፣ ፓምፑን ከነጥላው ይሥላል።
ግን በነጥብ ነው የሚሸጥ፤ ከአምስት መቶ በላይ፣ በዶላር፤
አንዲት መለኪያ ብንጨምር ባንክ ደጅ ልናድር።

ሁለተኛው በነጻ ነው፤ ማንም ፈትቶ ይገጥመዋል፤
ትንሣኤ፣ ለጋው መሐንዲስ፣ በፍቅሩ ወድቋል።
«ቁልፍ የለው፣ ላይሰንስ የለው፤ የኛው ነው፣ በኛው እጅ።»
«አንተ የሄድክ ዕለትስ?» አለ ሽብሩ የግዢው፤ «ማን ሊሆነው ነው ወዳጅ?»
ትንሣኤ ዝም።
አዲስ አበባ ማመልከቻ ማስገባቱን የማያውቅ አልነበረም።

ሦስተኛው ግራጫ ነው፤ መልኩ የቀበሌ ፎርም፤
ፊደሉ ወፍራም፣ ቁልፉ ትልቅ፣ ለዓይን የሚሆን ነገር የለውም።

የዋጋ ሠላሳ፣ የቴክኒክ ሰባ፤
ቁጥር በቁጥር ሲባዛ፣ ሻይ ሲወጣ፣ ሻይ ሲገባ፣
ጋሽ ዱካሞ ከጥግ፣ ካፖርቱን እንደ ለበሰ፣
አንዴ አዛጋ፣ አንዴ መነጽሩን አበሰ።
ሠላሳ ዓመት ፓምፕ ያዳመጠ ሰው ነው፤
እጁን ቧንቧ ላይ ጭኖ «ይቺስ አየር ስባለች» ካለ፣ እውነት ነው።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ፤ «መብራት ሲጠፋስ ምን ያደርጋል?»
የሻጩ ወኪል ፈገግ፤ «ጋሼ፣ ለዚያማ ጄኔሬተር ይነሣል።»
«እሱን አላልኩም። ሲሄድማ ሁሉም ዝም ነው፤
እኔ የምፈራው ሲመጣ ነው።»

ሦስቱንም ጎን ለጎን አስነሣን፤ የቁጥጥር ክፍሉ ሞቀ።
የከሰዓቱ ነፋስ ከሐይቁ ተነሥቶ ቆርቆሮውን ነቀነቀ።
አጥሩ ላይ አንድ አባ ኮዳ፣ አንገቱን በትከሻው ቀብሮ፣
እንደ ኦዲተር ያየናል፤ ማን ያውቃል ምን ቆጥሮ።
ዱካሞ ተነሣ። ማንንም አላስፈቀደ።
ዋናውን ብሬከር ይዞ ወደ ታች አወረደ።

ጸጥ።
ማራገቢያው ዞሮ፣ ዞሮ፣ ቆመ።
ሽብሩ ስልኩን አብርቶ «ምንድነው?» እያለ አጉረመረመ።
ዱካሞ እስከ ስድሳ ቆጠረ፤ በሲዳምኛ ነው የሚቆጥረው፤
ከዚያ ብሬከሩን መለሰው።

ባለጌጡ ነቃ፤ «ላይሰንስ አልተገኘም» ብሎ ቀልቶ ቀረ።
ነጻው ነቃ፤ ፓምፖቹን ሁሉ ባንዴ ሊያስነሣ ሞከረ፤
ትንሣኤ ሮጦ አጠፋው፣ «አንዲት መስመር ናት፣ ትስተካከላለች» እያለ አፈረ።
ግራጫው ነቃ።
ምንም አልነካም። መሐል ስክሪኑ ላይ፣ በዚያ ወፍራም ፊደል፦
«ሦስት ቁጥር ፓምፕ ይሠራ ነበር። ልቀጥል?»

ዱካሞ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ «ይሄ እንኳ ያደገ ነው» አለ፣
«ያላየውን ይጠይቃል፤ ሰው ቤት እንዳለ።»

አሁን ሌሊት ነው። ቃለ ጉባኤው እኔ ዘንድ ነው፤ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ።
ግራጫው በሁለት ነጥብ ተበልጧል። ደጋግሜ ደመርኩ፤ ያው ሁለት ሆነብኝ።
ሠንጠረዡ ላይ የመልክ አለ፣ የዋጋ፣ የዋስትና፣ የልምድ፤
«ይጠይቃል ወይ?» የሚል ዓምድ ግን የለም፤ እንዲኖር ያሰበም የለም አንድ።
«የልዩነት ሐሳብ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ ባዶ ነው።
ሽብሩ ጠዋት ይፈልገዋል፤ ማኅተሙ ኪሱ ነው።

ጋሽ ዱካሞ ውጤቱን አልጠየቀኝም። ዛሬ የማታ ተረኛ ነው።
በመስኮቱ አየዋለሁ፤ ገንዳዎቹ መሐል፣ ባትሪ ሳያበራ፣
ሦስት ቁጥር ፓምፕ ላይ እጁን ጭኖ ቆሟል፣
እሷ ደግሞ የነገረችው ነገር ሳይኖር አይቀርም፤
ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ነው።