ሁለት ነጥብ አራት

ኩክስሃፈን ወደብ፣ መስታወት ከልዬ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ትኬት ሸጥኩ ቁጭ ብዬ።
መንገደኛ ሁሉ ሁለት ዓይነት ነው፤
ወይ መሄጃ ብቻ፣ ወይ ደርሶ መልስ ነው።
ሦስተኛ አላውቅም። አልቸገረኝም።

የጎኔ መስኮት ላይ ቪብከ አለች፣
የወንድሟን ካፖርት እጅጌውን አጥፋ የለበሰች፣
በጭስ የደረቀ ዓሣ በወረቀት ጠቅልላ
ለምሳ አምጥታ ግማሹን የምታካፍለኝ።
ሃያ ሦስት ዓመቷ። የማትሪክ ውጤቷ
ሁለት ነጥብ አራት።
እዚህ አገር ቁጥር ሲያንስ ነው የሚከብር፤
አንድ ማለት ሰገነት ነው።
በሁለት ነጥብ አራት ዳቦ ቤት ይገባል፣ ባንክ ቤት ይገባል፤
የሥነ ልቡና ክፍልን ግን ደወሉን እንኳ አያስነካም።

የካቲት፣ ባሕሩን ጉም የዋጠው ዕለት፣
መርከብም ቀርቶ፣ ሰልፍም ጠፍቶ፣
አራት ወረቀት አምጥታ ባንኮኒዬ ላይ ዘረጋች።
«ሂነርክ፣ ዕድሜህን መንገድ የሸጥክ ሰው ነህ፣
ለራስህ ቢሆን የቱን ትገዛ ነበር?»

ብሬመን። ቅርብ ነው፣ ክፍያውም ከምንም አይቆጠር፤
ግን ደጁ ላይ ያ ቁጥር ቆሟል፣ ክንዱን አጣምሮ።
«ይኸ» አልኳት «መርከቡ ሞልቷል የምንለው ነው።»

ኢንስብሩክ፣ ድንበር ተሻግሮ፣ ኦስትሪያ።
የድሮ ውጤት አይጠይቁም፤ የአንድ ቀን ፈተና ነው፣
አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ እርሳሱ እንደ ካፊያ ሲንጫጫ፤
ብዙው የእኛው አገር ልጅ፣ ቁጥር ያባረረው።
ተራራ አይታ አታውቅም።
እኛ ዘንድ ከፍታ ማለት የባሕር መገደቢያው ክምር ነው፤
በጎቹ ይወጡታል።

ሃምቡርግ፣ የግል። ፈተና የለ፣ ቁጥር የለ፤
የሚስቁ ተማሪዎች ፎቶ፣ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የወሩ ክፍያ።
መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩ፣ መልሼ አደረግኩ።
ዋጋው ያው ነው።

ሃገን፣ በርቀት። ደብተሩ በፖስታ ይመጣል፤
ቀን ትኬት፣ ሌሊት ደብተር።
ግን ዲግሪው ከታማሚ ፊት ወንበር አያደርስም፤
መንገዱ እዚያው ጋ ይቆረጣል።
«ይኸማ ደሴቲቱን ዞሮ የሚመለሰው ጉዞ ነው፤
ታያታለህ፣ አትረግጣትም።»

አራቱም ላይ ስታቲስቲክስ የሚል ቃል አየሁ።
«አትፈሪውም?»
«ካሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ መልስ ስቆጥር ኖሬ?»

«ለመሆኑ ለምን?» አልኳት በመጨረሻ።
ባዶውን አግዳሚ በአገጯ አሳየችኝ።
«የሐሙሱን ሰውዬ ታውቀዋለህ?
ደርሶ መልስ ይገዛል። አይሳፈርም።
እዚያ ቁጭ ብሎ መርከቡ ሲርቅ ያያል፣
ትኬቱን አራት ላይ አጥፎ ኪሱ ይከታል።
ሦስት ዓመት ሙሉ።
ነፋሱ ከየት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ፤ ይነግረኛል።
ከዚያ ወዲያ የምለውን አላውቅም።
እሱን ልማር ነው።»

ሦስት ዓመት። እሷ ዕረፍት በወጣች ቁጥር
ገንዘቡን የተቀበልኩት እኔ ነኝ።
ፊቱ አይመጣልኝም። እጁ ግን፣ አዎ፣
ጥፍሩ ሥር ሰማያዊ ቀለም ነበረ።

የመረጠችውን አልነገረችኝም።
በጸደይ ከሃገን አንድ ሳጥን ደብተር መጣላት፤
በሐምሌ ሦስት ቀን ፈቃድ ወስዳ
አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጦ ተመለሰች።
አንዱ ቢሰምጥ አንዱ ይንሳፈፍ ብላ ይሆናል።
በመስከረም መስኮቷ ተዘጋ።
ፖስትካርድ ደረሰኝ፣ በረዶ የለበሰ ጫፍ፣
ከጀርባው፦ «ከፍታው ያዞራል። ስታቲስቲክሱ አያዞርም።»

ሐሙስ ዕለት ወደ እኔ መጣ።
«ደርሶ መልስ» አለ፣ ሳንቲሙን ደርድሮ።
ትኬቱን አንድ ጫፍ እሱ ያዘ፣ አንድ ጫፍ እኔ።
«ነፋሱ ከየት ነው ዛሬ?»
ቀና አለ። ዓይኑ ግራጫ ነው።
«ከሰሜን ምዕራብ» አለ፣ «ሁሌ ከዚያ ነው፣ ከሄደች ወዲህ።»
የትኛዋ? ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ።
ሰልፉ ረዝሟል፤ ከኋላው አንዲት ሴት ጃንጥላዋን አራገፈች።
ትኬቱን ገና አልለቀቅኩም።