የወደቀን ማን ይቆጥራል?

ጥቅምት ላይ ነው የመጣችው፣ ትርሲት፣ ከደብረ ብርሃን፣
እንደ ሕፃን አቅፋ ይዛ የወርቅ አንጥረኛ ሚዛን።
«ጋሽ ሸዋንግዛው» አለችኝ፣ «ጫካው ስንት ቅጠል ይጥላል?»
«እኔ ጠባቂ ነኝ» አልኳት፣ «የወደቀን ማን ይቆጥራል?»

ወፍ ዋሻ ሥር ነው ቤቴ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ
መጥረቢያ በሰማሁ ቁጥር ዓይኖቼ ግንድ ላይ ዋሉ፤
ወደ ታች አይቼ አላውቅም፣ ከጫማዬ ሥር ያለውን፣
ስረግጠው ኮሽ የሚለውን።

ከየዛፉ ሥር ወጠረች በአራት ችካል አንድ መረብ፣
የወረደውን በየወሩ ለቅሜ በፌስታል ልሰበስብ።
ሌላም አለ፦ ከወንፊት ጨርቅ የተሰፉ ከረጢቶች፣
በእያንዳንዱ አሥር ግራም የደረቁ ቅጠሎች፤
የጽድ፣ የወይራ፣ የብሳና፣ አንዳንዱ ደግሞ የባሕር ዛፍ፣
መሬት ላይ አጋደመቻቸው፣ በሲባጎ አስራ ጫፍ ለጫፍ።
«ዝናብና ትል የበላውን የቀረው ይነግረናል» አለች፤
የስልክ ቁጥሯን ጽፋልኝ ዳገቱን ወደ ጣርማበር ወጣች።

በጋው ገባ። ኅዳር ጥቂት፣ ታኅሣሥ ደህና አድርጎ ጣለ፤
ጥር ነፋሱን ይዞ ሲመጣ መረቡ ሞልቶ ተዘረገፈ።
ሰማይ ውሃ ሲነፍገው ዛፍ ያለውን ያራግፋል፤
እንደ ሰው አይደለም ዛፍ። ሰው ሲቸግረው ይሰስታል።
የካቲት፣ መቶ አርባ ግራም፤ መጋቢት ከዚያም ይበልጣል፤
ደብተሬ ላይ ያለው ቁጥር ከደመወዜ ይፈጥናል።

ግን የወደቀው አልተነካም። ከረጢቱን ብፈታው
አሥር የነበረው ዘጠኝ ከግማሽ! የታለ የበላው?
ትልም የለ፣ ምስጥም የለ፣ ሻጋታም ከሩቅ አልሸተተ፤
ለካ መበስበስም ውሃ ይሻል፤ በደረቅ የወደቀ ገና አልሞተ።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ቁጥር አሥራ አራት ጠፋች።
ሲባጎው በቢላ ተቆርጧል፤ አውሬማ ቢላ የለው።
በሳምንቱ የሸዋሉል ደጅ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ አየኋት፣
ነጭ ሽንኩርት ተሞልቶባት።
«አሥሩን ግራም ወይራ ምን አደረግሽው?» ስላት
«ለእሳት ማያያዣ» አለች፤ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁላት።
ከዚያ ዝም አለች። «ማሳዬን ጎርፍ በየክረምቱ ይወስደዋል፤
የጫካው ጠርዝ ግን ይተርፋል። ለምን ይመስልሃል?»
አልመለስኩላትም። ስድስት ዓመት ቅጠል ጠርጋ ስትወስድ
አልከለከልኳትም፤ ቅጠል እንጂ አይደል ግንድ።
የጠረገችበትን ሄጄ አየሁት በማግስቱ፤
የዛፉ ሥር ተራቁቷል፣ እንደ ሽማግሌ እጅ ጅማቱ።

ነሐሴ። ጉም ከሸለቆው ተነሥቶ ጫካውን እስከ አንገቱ ዋጠው።
ካፖርቴን ደርቤ ሄድኩ፣ ብርዱ ጣቴን እየነከሰኝ፤
የብሳናውን ከረጢት ስከፍት የታረሰ መሬት ሽታ ተቀበለኝ።
ቅጠል የለም። ነጭ ክር፣ የሸረሪት የመሰለ ድር፣
ሁለት ቀይ ትል፣ አንድ ጢንዚዛ፣ የቀረው ጥቂት አፈር።
ሦስት ግራም።
የወይራው ስድስት፤ ቅጠሉ ደም ሥሩ ብቻ ቀርቶ።
የጽዱ ስምንት፤ እልኸኛ፣ ሽታውን እንኳ ሳይለቅ ከርሞ።
ባሕር ዛፉ ዘጠኝ! ክረምቱን ሙሉ ተኝቶ፣
አፈሩ አልቀበል ብሎት፣ ወይ እሱ አፈሩን ጠልቶ።

የብሳናው ሰባት ግራም ግን የት ሄደ? ተንበርክኬ ቆፈርኩ፤
ጥቁር ነው፣ ለስላሳ ነው፣ እጄን እስከ አንጓዬ ከተትኩ።
እዚያው ጎን አንድ የዝግባ ችግኝ፣ ቁመቱ ከጣቴ ያጠረ፣
የዘሩን ቅርፊት እንደ ባርኔጣ ደፍቶ የቀረ።

ኔትወርክ የለም፤ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ለትርሲት ደወልኩ።
«አሥራ አራትስ?» አለች። «ሽንኩርት ያዘች» ብዬ መለስኩ።
«እንደሱ ብለህ ጻፈው» አለች።
ጻፍኩት።

ኅዳር ሲመጣ የሸዋሉል መጥረጊያዋን ይዛ ትመለሳለች።
ምን እላታለሁ? ምድጃዋም እንደ ጫካው ይርበዋል፤
ግማሹን ተይው እላት ይሆናል፣ እሷም ግማሹ የቱ ነው ትላለች።

ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ባዶ ቀርቷል።
ችግኙን አልመዘንኩትም፤
ለመመዘን መንቀል አለብኝ።