የጉም ጣት

ከአራዳ ጀርባ፣ ሁለት ሰው በማያስገባ ሱቅ፣
የሞተ ሬዲዮ አንጀት ዘርግፌ ሽቦ ከሽቦ ሳደባልቅ፣
መሬማ መጣች፤ ዝናብ የጠጣ ሻሿን እንኳ ሳትጨምቅ።

ልብስ ሰፊ ናት። በልጅነቷ ንዳድ ጆሮዋን ወስዶባት፣
የሲንጀሯ ወሬ በውስጥ እግሯ ነው የሚገባት።

ጠረጴዛዬን ሦስቴ አንኳኳች፤ ጆሮዋን በመዳፏ ደፈነች፤
በሐረጎ ቁልቁለት አድርጋ ወደ ኮምቦልቻ ጠቆመች፤
የልጅ ቁመት በአየር ላይ ለካች፤ ከጉልበት፣ ከወገብ፣ ከራሷም አስበለጠች፤
ጣቶቿን እንደ ድርና ማግ አጠላለፈች፤
በመጨረሻ ጉንጯን በእጇ ላይ አስተኝታ ተንቀጠቀጠች።

ገባኝ።
ጨርቃ ጨርቅ የገባው ልጇ፣ ሙሄ፣
መጥቶ፣ አንኳኩቶ፣ አንኳኩቶ፣
በበልግ ዝናብ ደጅ አድሯል።

ሠራሁላት።
የሽምብራ ክክ የሚያህል ጥቁር ነገር፣ ባለ ሦስት እግር፤
ትራንዚስተር እንለዋለን። ባንዱ እግሩ ባትሪ ይይዛል፣ ባንዱ ይቆማል በምድር፤
መሐለኛው እስኪነኩት የሚጠብቅ፣ የተዘጋ በር።
ሁለት ቁራጭ ናስ መቃኗ ላይ መታሁ፣ በጥፍር ውፍረት አራርቄ፣
ቀይ አምፖል ከስፌት መኪናዋ ራስጌ።

ሰው ጣቱን ሲያሳርፍ፣ ላቡና ጨዉ ድልድይ ይሆናል፤
ትንኝ የማትቀሰቅስ ጅረት ሾልካ መሐለኛው እግር ትደርሳለች፤
እሱም ያችን ሹክታ ሰምቶ ለወንድሙ ይነግራል፤
ወንድሙ ጮኾ ያወራዋል፤ አምፖሏ ቦግ ትላለች።

ልብ በሉ፦ ጣት ብርሃን የለውም።
ኃይሉ ቀድሞም ባትሪው ውስጥ አድፍጦ ነበር፣ የትም አልሄደም።
ጣት «እሺ» ማለት ብቻ ነው፤ ሌላ ቃል አያውቅም።

ግንቦት ላይ፣ ፀሐይ በወጣበት ቅዳሜ፣ ሙሄ መጥቶ ነካው፤ አልበራም።
የጥጥ ብናኝ ጣቱን አድርቆት፣ ጅረቷ መሻገሪያ አጣች።
እንደ ብር ቆጣሪ በምላሱ አራሰና ደገመው።
መቀስ ከውስጥ ሲወድቅ እኛ ሰማን፤ እሷ ግን አየች።

ሰፈሩ ወሬውን ሰማ። ልጆች እየነኩ ሮጡ።
የጎረቤት ፍየል እርጥብ አፍንጫዋን አስጠጋች፤
ለእሷም በራላት።

ክረምት ገባ። ደሴን ታውቋታላችሁ፦
በሐምሌ ጦሳ ካባውን አውልቆ ከተማው ላይ ይጥላል፤
ከፊትህ የሚሄደው ሰው በሳሉ ብቻ ይለያል።
አንድ ማለዳ መሬማ መጣች፣ ተቆጥታ።
አምፖሉ ይበራል፤ ትነሳለች፤ ትከፍታለች፤ ማንም የለም።
ተመልሳ ትተኛለች። ይበራል። ትከፍታለች። ማንም የለም።

ሞረዴን ይዤ ጎህ ሳይቀድ ሄድኩ፤ ናሶቹን ዳበስኳቸው፤
ጉም ነው፤ ጠብታ ሆኖ መሐላቸው ገብቶ አጋባቸው።
እጅ የለው፣ ስም የለው፤ እርጥብ መሆኑ ግን ይበቃል፤
ትራንዚስተር የሰውን ጣት ከጉም ጣት በምን ይለያል?

«ላራርቃቸው» አልኩ በምልክት፤ ልሞርድ ስል እጄን ያዘች።
መርፌ የጠቀጠቀው፣ ሻካራ፣ ሞቃት መዳፍ።
ብዙም አልቆየች። ግን ያዘች።
ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ዞር አለችለት፤
ጉሙን እንደ እንግዳ በእጇ ጋበዘች።

እኔ ከዚያ ወዲህ በዚያ ሳልፍ፣ ጉዳይ ባይኖረኝም፣
(ሊድ ልገዛ ነው እላለሁ፤ ሊድ የሚሸጠው በሌላ መንገድ ነው)
ጣቴን አርሼ ናሱን ነካ አደርጋለሁ።

በሩ ይከፈታል። ከላይ እስከ ታች ታየኛለች።
ወደ ጦሳ ትጠቁማለች፦ እሱ ነው?

እኔም ወደ ጦሳ እጠቁማለሁ።