የዘለለ ስፌት

ዳቶ ሰፈር፣ ሌሊት፣ ባራት ሴቶች ክፍል፣
ሦስቱ ተኝተዋል፤ የእኔ ልብ ሲዘልል።
መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሩቅ ኮቴ፣
ከዚያ ዱብ... ዱብዱብዱብ... ከጉሮሮ እስካንጀቴ።
አንዳንዴም ይቆማል፤ አንድ ምት ይዘላል፤
ሲመለስ በጡጫ ደረቴን ይነርታል።

ሥራዬ ስፌት ነው፣ በፓርኩ፣ ሼድ ስምንት፣
አንገትጌ መስመር ላይ፣ ሦስት ዓመት ያለሁበት።
መርፌው ክሩን ስቶ አንድ ስፌት ከዘለለ፣
ሸሚዙ ቀይ ተለጥፎበት ከጓደኞቹ ተገለለ።
ልቤን ግን ማን ይየው? ሥጋ ሸፍኖታል፤
ማን ገልብጦ አይቶ ቀይ ይለጥፍበታል?

"ፍቅር ነው" አለች ቡዜ፤ ሳቅንበት አብረን።
ምነው በሆነ! ልጁን ባወቅነው ቀድመን።
አከራይዋ፦ "ነርቭ ነው፤ ማር በነጭ ሽንኩርት"፤
ጎረቤት፦ "የሰው ዓይን ነው፤ ጸሎት ይደረግላት።"

ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ፣ ዓይኔ እንደቀላ፣
ጤና ጣቢያ ገባሁ፣ ሰልፍ ያዝኩ ከኋላ።
ሲስተር ጠጂቱ ናት፤ ስትጽፍ አትቸኩልም፤
"ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? ጫትስ አትቅሚም?
ያ የቆርቆሮው መጠጥስ?"
                    ዓይኔን ሰበር አደረግሁ፤
ትናንት ሌሊት ብቻ ሦስቱን ጨልጫለሁ።
ከጣቴ ደም ወሰደች፤ "ትንሽ አንሷል" አለች፣
የዓይኔን ቆብ ገልብጣ እዚያም ተመለከተች።
"ባንቺ ዕድሜ አብዛኛው ልብ የሚደልቀው
እንቅልፍ፣ ደም፣ ውኃ ሲያጥረው፣ ሐሳብ ሲያስጨንቀው፤
ቆርቆሮውን ተዪ፤ ክኒኑን ዋጪ፤ ተኚ።"
                    ቀለል አለኝ። ተነሣሁ።
በሩ ጋ ስደርስ ጠራችኝ፦ "ቆዪ እስኪ፤ ረሳሁ፤
ራስሽን ስተሽ ታውቂያለሽ? ስትሮጪ ይብስብሻል?
ከቤታችሁ፣ ሳይታመም፣ በወጣትነቱ ማን ሞቷል?"

ጩኮ። የትምህርት ቤቱ ሜዳ። ዝናብ ያባራ ጊዜ።
ወንድሜ ላሚሶ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣
ኳሷን እየገፋ፣ ማንም ሳይነካው፣ በደረቱ
ወደቀ።
ሣቅን። ፍፁም ቅጣት ምት ፈልጎ መስሎን።
ዳኛው እንኳ "ተነሣ፣ አትቀልድ" አለው።
"ምች ነው" ተባለ።
ስምንት ዓመት ሙሉ "ምች" ስንል ኖርን።

ሲስተር እስክሪብቶዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች፤
ወንበሩን ሳበችልኝ፤ "ተቀመጪ" አለች።
"እንዲህ ከሆነማ እኔ ጋ አያልቅም።
ሪፈር ነው የምትሄጂው፤ ነገ የሚባል የለም።"

ሪፈር፦ ቀዝቃዛ አልጋ፣ ቀዝቃዛ ቅባት፣ ሽቦ፤
ወረቀቱ ከማሽኑ ወጣ፣ ልቤን በመስመር ስቦ።
እኔ መስመር አውቃለሁ፤ በጣቴ ሄድኩበት፤
አንድም የዘለለ የለም፤ ቀጥ ያለ፣ የእኔ ስፌት።
"እሰይ" ልል ስል፣ ሐኪሙ፦ "ይህ የአሥር ሰከንድ ነው፤
ሌሊቱን ሙሉ የሠራውን ማን በአሥር ሰከንድ አየው?"
እናም አንድ ትንሽ ሳጥን ከሸሚዜ ሥር ታጠቅሁ፤
ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ተቆጣጣሪ አገኘሁ።

አሁን ፍቅር ሐይቅ ዳር ነኝ፤ ቡዜም ከጎኔ አለች፤
"ፍቅር ነው አላልኩሽም?" ደግማ ትስቃለች።
አባ ኮዳ በአንድ እግሩ ቆሟል፣ አንገቱን ቀብሮ።
ሳጥኑ ይቆጥራል።
ውጤቱ ሐሙስ ነው። ምን እንደሚል አላውቅም።

ጩኮ ደወልሁ።
"እማ፣ ትንሹም ይመርመር፣ ቡሪሶም ይታይ" አልኳት።
ዝም አለች። ከጀርባዋ ኳስ ሲያነጥር ሰማሁት።
"እስኪታይ ድረስ" አልኩ፣ "እማ...
ኳሱን ደብቂበት።"